«ሣር ነው፣ ተመልሶ ይበቅላል»፦ ጣና ላይ መልህቅ ስንጥል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከጓደኞቼ ጋር ከባሕር ዳር ተነሥተን ወደ ዘጌ እየሄድን ነበር። ምሳችንን ጀልባው ላይ ለመብላት ዳር ይዘን ቆምን፤ መልህቅ ተጣለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲጎተት አረንጓዴ ነገር ተጠምጥሞበት ወጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ እንደ ሪባን የሚንጠለጠል ቅጠል፣ ከነሥሩ ከነጭቃው። አንዱ ጓደኛችን «እሰይ! እምቦጩን ነቀልነው» አለ። ሁላችንም ደስ አለን።

እምቦጭ ግን አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጉዳዩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሳነብና የጀልባ ሰዎችን ስጠይቅ ከረምኩ። ደጋግሜ የሰማኋቸውን የተሳሳቱ ሐሳቦች እዚህ ላንሣቸው።

«ውሃ ውስጥ ያለ አረንጓዴ ሁሉ እምቦጭ ነው»

በጣም የተለመደው ስሕተት ይሄ ነው። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው፤ ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ ስሙን ስንሰማ ኖረናል። መለየቱ ቀላል ነው። ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል፤ የቅጠሉ አንገት ያበጠ ነው፤ አበባው ሐምራዊ ነው፤ ሥሩ ውሃው ውስጥ እንደ ጢም ይንጠለጠላል።

እኛ የነቀልነው ሌላ ነው። ሥሩን ሐይቁ ወለል ላይ ተክሎ፣ ቅጠሉን ውሃው ውስጥ ዘርግቶ የሚኖር የአገር ተክል ነው። ጭቃው እንዳይታመስ ይይዛል፤ ቀን ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ለትንንሽ ዓሦች መደበቂያ ይሆናል። እምቦጭ ሲንሰራፋ ብርሃን ጋርዶ የሚያጠፋው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ያን ቀን ጠላት ነቀልን ብለን የነቀልነው ወዳጃችንን ነው።

ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ውሰዱ። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ወለሉን ቆፍሮ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥልና መልሳ አፏ ውስጥ ታቅፈዋለች። ጫጩቶቹ ራሳቸውን ሲችሉ የሚያድጉት በዚያው ዳርቻ፣ ተክሉ መሐል ነው። ባሕር ዳር ቁጭ ብለን የምንበላው ጥብስ ዓሣ መነሻው እዚያ ነው።

እምቦጭንም ቢሆን መልህቅ አያጠፋውም፤ እንዲያውም ያዛምተዋል። ከተክሉ የተቆረጠ ቁራጭ ሌላ ቦታ ሄዶ ይራባል። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። እምቦጭ ክፉኛ የበረታው በሰሜኑና በምሥራቁ ዳርቻ ነው። ከዚያ በኩል ወደ ጎጃም ዳርቻ የሚመጣ ጀልባ መልህቁን፣ ሰንሰለቱንና የሞተሩን ማራገቢያ እዚያው አጥቦ ቢነሣ ትልቅ ነገር ነው።

«የባሕር ሣር የባሕር ነው፤ እኛን ምን አገባን?»

ግማሹ እውነት ነው። የባሕር ሣር የሚባለው ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚኖር ተክል ነው፤ ጣና ላይ የለም። ዓለም ላይ ከ60 በላይ ዓይነት አለው። አልጌ አይደለም። ሥር፣ አበባና ዘር ያለው ሙሉ ተክል ነው።

መልህቅ ውሃ ውስጥ ያለን ተክል ምን እንደሚያደርግ በደንብ የታየው ግን እዚያ ነው። የስፔኗ ባሊያሪክ ደሴቶች አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 በባሕር ሣር ላይ መልህቅ መጣልን የሚከለክል ደንብ አውጥቷል። የኛ ተክል ሌላ ቢሆንም ችግሩ አንድ ነው። ሁለቱም የሚበቅሉት ብርሃን የሚደርስበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ጀልባም መልህቅ የሚጥለው እዚያው ነው።

ጣና ደግሞ ለብርሃን አይመችም። ወደ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ቢሰፋም ጥልቁ ቦታ ወደ 14 ሜትር ነው፤ ጥልቅ ሐይቅ አይባልም። ነገር ግን ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በየክረምቱ አፈር ያስገቡበታል። ውሃው ስለሚደፈርስ ብርሃን ሩቅ አይወርድም። ውሃ ውስጥ የሚኖሩት ተክሎች የቀረቻቸው ዳር ዳሩን የምትዞር ጠባብ መቀነት ናት።

«መልህቅ የሚያርፍባት ቦታ እፍኝ የማትሞላ ናት»

መልህቁ ብቻ ቢሆን ኖሮ እስማማ ነበር። ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ግን ሰንሰለቱ ነው። ጀልባ ቆመ ስንል በእርግጥ አልቆመም። ነፋሱ ሲዞር አብሮ ይዞራል። ጣና ጠዋት ረጋ ብሎ ከሰዓት በኋላ እንደሚናወጥ የባሕር ዳር ልጅ ሁሉ ያውቃል። ጀልባው በዞረ ቁጥር ወለሉ ላይ የተኛው ሰንሰለት አብሮ ይጎተታል፤ ያገኘውን እንደ ማጭድ እያጨደ ክብ ይሠራል።

በምዕራብ አውስትራሊያ ሮትነስት የምትባል ደሴት አለች። እዚያ ጀልባዎች ለረጅም ጊዜ በሰንሰለት ታስረው የቆዩበት የባሕር ሣር ላይ የተፋቁ ክብ ክብ ቦታዎች ከአየር ላይ በተነሣ ፎቶ ይታያሉ። ልክ እንደ አውድማ። መሐሉ ላይ ማሰሪያው፣ ዙሪያው ባዶ መሬት።

ሰው ይህን ካየ በኋላ መፍትሔም አበጀ። ወለሉ ላይ በቋሚነት የሚቀበር ማሰሪያ ይተከላል፤ ገመዱ መሐል ላይ ተንሳፋፊ ይታሰርበትና ወለሉን ሳይነካ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጀልባው መጥቶ ላይ ባለው ተንሳፋፊ ይታሰራል እንጂ የራሱን መልህቅ አይጥልም። ጀልባ በሚበዛባቸው የዘጌ መውረጃዎች እንዲህ ያለ ነገር ቢተከል ብዬ እመኛለሁ። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረትን ለማንገሥ የሚሄደውን ሕዝብ ያየ ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል።

«እንግዲያው ገመዱን ማሳጠር ነዋ»

ይሄ ሐሳብ ቅን ነው፣ ግን ተቃራኒውን ያመጣል። መልህቅ የሚይዘው በክብደቱ ብቻ አይደለም። ከጎን ሲሳብ ጥርሱ መሬቱን ነክሶ ነው የሚይዘው። ገመዱ ሲያጥር ጀልባው ወደ ላይ ይስበዋል፤ ጥርሱ ይነቀላል። በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ እርፉን በደንብ ካልያዝከው ማረሻው ጠልቆ አይገባም፣ ላይ ላዩን እየፋቀ ይሄዳል። የላላ መልህቅም እንደዚያው ነው። ወለሉን እየተለተለ ይጎተታል፤ ጀልባውም ሳታስቡት ድንጋይ ላይ ይወጣል።

ልኩ እንዲህ ነው። የውሃውን ጥልቀት ከጀልባው አፍንጫ ከፍታ ጋር ደምሩና በ5 አባዙ። ጥልቀቱ 3 ሜትር፣ አፍንጫው ከውሃው 1 ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ 20 ሜትር ገመድ ይፈለጋል። ነፋስ ካለ በ7 አባዙት። ረጅም ገመድ ሰፊ ቦታ ስለሚዞር ደግሞ መልህቁ ከመጀመሪያውኑ ተክል የሌለበት ቦታ መውደቅ አለበት።

«ሣር ነው፣ ተመልሶ ይበቅላል»

የሜዲትራኒያን የባሕር ሣር ወደ ጎን የሚሰፋው በዓመት ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። አንድ ከሰዓት የተገነጠለ መስክ ለአሥርተ ዓመታት ላይሞላ ይችላል። የጣናዎቹ ከዚያ ይፈጥናሉ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ግን ለማገገም ብርሃንና ጊዜ ይፈልጋሉ። የታመሰው ጭቃ ብርሃኑን ይወስዳል፤ በየሳምንቱ የሚመጣው ጀልባ ደግሞ ጊዜውን።

የሐይቁ ከፍታም አንድ ቦታ አይቆምም። በመስከረም ሞልቶ፣ በግንቦትና በሰኔ ይሸሻል። በ1995 ዓ.ም እጅግ ሸሽቶ ትልልቆቹ ጀልባዎች ለወራት መሥራት አቅቷቸው ነበር። በመስከረም በላዩ አልፈን የሄድንበትን ተክል በግንቦት ማራገቢያው ይቆራርጠዋል። ዳር ሲደርሱ ሞተሩን ቀስ ማድረግ፣ ከተቻለም አጥፍቶ መቅዘፍ ነው።

«የኛ ጀልባ ትንሽ ናት»

የትንሿ ጀልባ መልህቅም ጥርስ አለው። ትልቁ ጀልባ የማይገባበት ጥግ የምትገባውም እሷ ናት።

«ደንገሉ ላይ ማሰር ከመልህቅ ይሻላል»

አይሻልም። ደንገል ከውጭ ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል፤ ሞተር ጀልባ አፍንጫውን ሲያስገባበት ግን ይሰበራል፣ ሥሩም ይላላል። ወፍ የሚፈለፈለው እዚያ ነው። የጣና ዳር ነዋሪዎቹ ወይጦዎች ታንኳቸውን የሚሠሩትም ከደንገል ነው፤ እነሱ ግን የሚፈልጉትን አጭደው ሥሩን ይተዋሉ። ዛፍ ላይ ማሰር ግድ ከሆነ ገመዱ ልጡን እንዳይልጠው ወፍራም ጨርቅ ጣል አድርጉበት። ሁለትና ሦስት ጀልባ አብራችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ አንዱ መልህቅ ይጣል፤ ሌሎቹ እሱ ላይ ይታሰሩ። መልህቁ ሲነሣ ከሩቅ አይጎተት። ጀልባው ቀስ ብሎ በላዩ ይምጣና ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሳብ።

የቀረው ጥያቄ፣ ውሃው ደፍርሶ ታቹ ካልታየ ባዶውን ቦታ እንዴት እናውቃለን የሚለው ነው። እኔም ይህንኑ ነበር የምጠይቀው። ባለፈው ስንሄድ ጀልባውን የሚነዱትን ትልቅ ሰው «ጋሼ፣ እዚህ ታቹ ምንድን ነው?» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። ረጅም የቀርከሃ ዘንግ አንሥተው ወደ ታች ሰደዱት፣ አዟዟሩት፣ አወጡት። ጫፉ ላይ አረንጓዴ ክር ተጠምጥሟል። ሞተሩን አስነሥተው ጥቂት ራቅ አሉና እንደገና ሰደዱት። አሁን ጭቃ ብቻ ነው። «እዚህ ይሆናል» አሉና መልህቁን በእጃቸው ቀስ አድርገው አወረዱት።