የኢናሜል አመጣጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኢናሜል ከመነሻው የጥርስ ሽፋን ነበር።» ይህ ጠንካራ ንጣፍ በእኛ ዘንድ የሚገኘው በጥርስ ላይ ብቻ ስለሆነ ግምቱ አያስገርምም፤ ቅሪተ አካላት የሚናገሩት ግን ሌላ ነው። በስዊድን ጎትላንድ ደሴት የተገኘውና 425 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረው አንድሬዮሌፒስ የተባለ ዓሣ ኢናሜል የታየበት በቅርፊቱ ላይ ብቻ ነው። በቻይና የተገኘው ፕሳሮሌፒስ ደግሞ ቅርፊቱም ሆነ በፊቱ አጥንቶች ላይ ያሉት ጥቃቅን ጉብታዎች በኢናሜል የተሸፈኑ ሲሆኑ፣ ጥርሶቹ ግን ምንም ሽፋን የሌላቸው ዴንቲን (በእኛ ጥርስ ከኢናሜል ሥር የሚገኘው አካል) ነበሩ። ዛሬም በሰሜን አሜሪካ ወንዞች የሚኖረው ሌፒሶስቲየስ የተባለው ዓሣ ቅርፊቱ ጋኖይን በሚባል አብረቅራቂ ንጣፍ የተሸፈነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የስዊድንና የቻይና ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ አሜሎብላስቲንና ኢናሜሊን የተባሉትን የኢናሜል ፕሮቲኖች የሚያሠሩት ጂኖች በዚህ ዓሣ ቆዳ ውስጥ ሥራ ላይ መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ጋኖይን ራሱ ኢናሜል ነው ለማለት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። እነዚህ ማስረጃዎች አንድ ላይ ሲታዩ ኢናሜል በቆዳ ላይ ጀምሮ በኋላ ወደ አፍ እንደዘለቀ ያመለክታሉ። ይህ ማለት ግን ጥርስ ራሱ ከቅርፊት መጣ ማለት አይደለም፤ ያ ሌላ ክርክር ነው።

«የሻርክ ጥርስ ሽፋንም ያው ኢናሜል ነው።» ሁለቱ ሽፋኖች በጥንካሬም በአንጸባራቂነትም ይመሳሰላሉ፤ ልዩነታቸው ያለው በአሠራራቸው ላይ ነው። የእኛን ኢናሜል የሚሠሩት አሜሎብላስት የተባሉት የላይኛው ንጣፍ ሕዋሳት ሲሆኑ፣ ኮላጅን (የአጥንትና የቆዳ ዋና ፕሮቲን) የሌለበትን የፕሮቲን መደብ፣ ማለትም ማዕድን የሚጠነክርበትን መሠረት፣ በዴንቲኑ ላይ ያነጥፋሉ፤ ጥርሱ ከድድ ሲወጣም ሕዋሳቱ ስለሚጠፉ የተፈገፈገ ኢናሜል ዳግም አይበቅልም። ኢናሜሎይድ የሚባለው የሻርክ ሽፋን ግን የላይኛውና የሥረኛው ንጣፍ ሕዋሳት በጋራ የሚሠሩት ሲሆን በመደቡ ውስጥም ኮላጅን ይገኛል። የአብዛኞቹ አጥንታም ዓሦች ጥርስም የተሸፈነው በዚሁ በኢናሜሎይድ ነው።

«ጥርስ የሚመስል ጥንታዊ ቅሪት ሁሉ የኢናሜል ቅድመ አያት ነው።» ኮኖዶንት የተባሉት መንጋጋ አልባ የባሕር እንስሳት ጥርስ መሰል ክፍሎች ለረጅም ጊዜ እንዲህ ሲታሰቡ ቆይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ግን ጠንካራ ሽፋናቸው ከኢናሜል ጋር ዝምድና እንደሌለውና ራሱን ችሎ እንደመጣ አሳይቷል።

«አንዴ የተገኘ ኢናሜል አይጠፋም።» ይጠፋል። የወፎች ቅድመ አያቶች ጥርስ ነበራቸው፤ የዛሬዎቹ ወፎች ግን ጥርስም ኢናሜልም የላቸውም፣ የኢናሜል ጂኖቻቸውም ተበላሽተው በዘረመላቸው ውስጥ ይገኛሉ፤ ከጉዳቱ መጠን ተነሥተው የተሠሩ ስሌቶች ኢናሜሉ የጠፋው ከ116 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ይጠቁማሉ። በጥርስ ፈንታ የማጣሪያ ሰሌዳ ያላቸው ዓሣ ነባሪዎችም የኢናሜሊን ጂናቸው እንዲሁ የተበላሸ ነው።