የመንጋጋ አጥንት ሲሞላ የሚሞላው ምንድን ነው?

ሀዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ የሚኖሩት ጎረቤቴ ጥርስ ሊያስተክሉ ሄደው «መጀመሪያ የአጥንት ንቅለ ተከላ ያስፈልግዎታል» ተባሉ። «ልጄ፣ ከየትኛው እግሬ ሊቆርጡ ነው?» አሉኝ። ለአንድ ጥርስ ሲባል ከእግር የሚቆረጥ ነገር የለም፤ ስሙ ከሥራው ይልቅ ያስፈራል።

ጥርስ ሲነቀል ይሸከመው የነበረው የመንጋጋ አጥንት ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ አጥንት ደግሞ ይከሳል። በአንድ ዓመት ውስጥ ውፍረቱ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ አብዛኛው የሚጠፋውም በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። የሰው ሠራሽ ጥርስ ብሎን በሳሳ አጥንት ላይ አይጸናምና ጉድለቱ ይሞላል።

የሚሞላው ብዙውን ጊዜ በደቃቅ ፍርፋሪ ነው። ከራስ መንጋጋ ወይም አገጭ ሊወሰድ፣ ከለጋሽ ሊገኝ፣ ከከብት አጥንት ሊዘጋጅ ወይም በፋብሪካ ሊሠራ ይችላል። የከብቱ ማዕድኑ ብቻ እንዲቀር ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። (ጾም ያስፈታል ወይ ለሚለው የንስሐ አባትን መጠየቅ ይሻላል።) በላዩ የሚለብሰው ስስ ሽፋን ግን ከአሳማ የሚሠራበት ጊዜ ስላለ፣ የሚያሳስበው ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ።

ፍርፋሪው ለሕንጻ ሠራተኛ እንደሚቆም የባሕር ዛፍ መወጣጫ ነው፤ አዲሱን አጥንት የሚሠሩት የራስ ሕዋሳት ናቸው። ለዚህም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይጠበቃል። ሲጋራ ማጨስ ፈውሱን ያዘገያል። ጉድለቱ ትንሽ ከሆነ ግን ሙሌቱና ብሎኑ በአንድ ቀን ሊገቡ ይችላሉ፤ ጎረቤቴ ሐኪሙን ያልጠየቁት ይህንኑ ነበር።