የኦፐሬቲንግ ሲስተም ግራፊክስ ሽግግር፣ ከጅማ ሲታይ

የግራፊክስ ላይብረሪ አፕሊኬሽንን ከግራፊክስ ካርድ ጋር የሚያገናኝ ሶፍትዌር ነው። ፕሮግራሙ «እዚህ ጋ መስኮት ክፈት፣ እዚህ ጽሑፍ አውጣ» ይላል። ላይብረሪው ትእዛዙን ካርዱ በሚገባው መንገድ ያስፈጽማል። ከሥሩ ሆኖ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ክፍል ባክኤንድ ይባላል። ሽግግር የሚባለው ይህን የታችኛውን ክፍል በአዲስ መተካት ነው። ከላይ ያለው ፕሮግራም ጉዳዩን ባያውቅ ይመረጣል።

ኦፕንጂኤል የሚባለው ነባር የግራፊክስ ላይብረሪ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ያኔ ባለብዙ ኮር (በውስጡ ብዙ የሥራ ክፍል ያለው) ፕሮሰሰር በየቤቱ አልገባም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጣው ተተኪው ቩልካን ግን ሥራውን ለብዙ ኮር ያከፋፍላል፣ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያዘው ሶፍትዌር) በግምት ይሠራው የነበረውንም ለፕሮግራመሩ ያስረክባል። ፕሮሰሰሩ እፎይ ይላል፣ ፕሮግራመሩ ግን ፍዳውን ያያል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2014 የራሱን ላይብረሪ ሜታልን አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ኦፕንጂኤልን ጊዜው ያለፈበት ነው አለ። በሊኑክስ በኩል የፕሮግራሞችን መስኮትና አዝራር መሥሪያ የሆነው ጂቲኬ ከቨርዥን 4.16 ጀምሮ በዌይላንድ (መስኮቶችን ስክሪን ላይ በሚያሳየው አዲሱ ሥርዓት) ላይ ቅድሚያውን ለቩልካን ሰጥቷል።

ነባር ፕሮግራሞች ሜዳ ላይ አይቀሩም። ዚንክ የሚባል አስተርጓሚ የኦፕንጂኤልን ትእዛዝ ወደ ቩልካን ይቀይራል። ኤክስዌይላንድ ደግሞ ለድሮው የመስኮት ሥርዓት ለኤክስ11 የተጻፉትን ዌይላንድ ላይ ያስኬዳል። በእኔ እይታ ሽግግሩን ደግፈው ያቆሙት እነዚህ አስተርጓሚዎች ናቸው።

ችግሩ አሮጌ ማሽን ላይ ነው። ጅማ መርካቶ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ባለ ኮር ቱ ዱዎ (የድሮ የኢንቴል ፕሮሰሰር) ኮምፒውተር አለ እንበል። የዚያ ዘመን የኢንቴል ግራፊክስ ቩልካንን አይችልም። ኦፕንጂኤሉም እንቢ ካለ ሥዕሉን ፕሮሰሰሩ ራሱ ይስላል። መስኮት ጎተት ሲደረግ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ጽሑፍ እየተንቀረፈፈ ይወርዳል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ መብራት በሄደ ሰዓት ይሄ ቀልድ አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያለ ተማሪም ሊኑክስን በቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር በተመሰለ ኮምፒውተር) ሲሞክር ተመሳሳይ ነገር ሊገጥመው ይችላል። ቨርቹዋል ማሽን ብዙ ጊዜ እውነተኛውን ካርድ አያሳይምና።

መላ አለው። ኖም በሚባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ሴቲንግስ ውስጥ «አባውት» (በአዲሶቹ ቨርዥኖች ከዚያ «ሲስተም ዲቴይልስ») ሲከፈት የግራፊክስ ካርዱ ስም ይታያል። በካርዱ ፋንታ «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» (llvmpipe) ከተጻፈ የሚስለው ፕሮሰሰሩ ነው። ካርዱ በትክክል ታይቶም የጂቲኬ ፕሮግራም የሚረብሸው በቩልካን ምክንያት ከሆነ፣ «ጂኤስኬ ሬንደረር» የሚባለውን ቫሪያብል (ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚያነበውን ቅንብር) «ጂኤል» ብሎ (GSK_RENDERER=gl) ወደ ኦፕንጂኤል መመለስ ይቻላል። ከሁሉም በፊት ግን አዲሱን ቨርዥን ከፍላሽ አስነስቶ ማየት ይሻላል፤ ዲስኩ ላይ ያለውን ፋይል ሳይነኩ።