የሐረር ቁጢ፦ የቡና ቅጠል፣ አንቲኦክሲደንትና ዲኤንኤ

ሐረር ላይ ቡና ሲባል ፍሬው ብቻ አይደለም፣ ቅጠሉም ይጠጣል፤ እሱ ቁጢ ነው። ገለባው ደሞ ለብቻው ይፈላና ሐሸር ይባላል። ለቁጢ የደረቀውን ቅጠል ምጣድ ላይ አመስ አመስ አርጎ ሰባብሮ ውሃ ጨምሮ ቀላ እስኪል ማንተክተክ ነው፣ ከዛ ጨው ወይ ስኳር፣ ወተት የሚጨምርም አለ (እኔ ከጨው ጋር ነኝ)። ካፌይኑ ከፍሬው ያንሳል። የአውሮፓ ህብረትም የቡና ቅጠል ሻይ ገበያው ላይ እንዲሸጥ የፈቀደው ገና በ2020 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን አሁን "ቁጢ ካንሰር ይከላከላል" የሚል ወሬ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሴላችን ኦክስጅን ሲጠቀም፣ የሲጋራ ጭስ ሲገባ፣ ጨረር ሲያገኘን ፍሪ ራዲካል (ኤሌክትሮን ጎድሎት ያገኘውን የሚነካካ ሞለኪውል) ይፈጠራል፣ ከነሱ ክፉው፣ ሃይድሮክሲል የሚባለው፣ ዲኤንኤ (የሴሉ የዘር መመሪያ) ላይ ያለውን ጓኒን፣ ከዲኤንኤ አራት "ፊደላት" አንዱን፣ ይመታና 8-ኦክሶጓኒን ያረገዋል፣ እሱ ደሞ ዲኤንኤው ሲባዛ ከትክክለኛ ጥንዱ ከሳይቶሲን ጋር መጣመሩን ትቶ ከሌላኛው ፊደል ከአዴኒን ጋር ይጣመራል፣ ሳይጠገን ካለፈ ሚውቴሽን (ቋሚ የዲኤንኤ ስህተት) ሆኖ ይቀራል፣ እንዲህ ያለው ሲጠራቀም ነው ካንሰር ሊያመጣ የሚችለው። ደግነቱ ሴሉ የራሱ ጠጋኝ ኢንዛይሞች አሉት፣ አብዛኛውን ያርሙታል።

የአረቢካ ቡና ቅጠል ውስጥ ክሎሮጀኒክ አሲድና ማንጎ ላይም የሚገኘው ማንጊፈሪን የሚባሉ አንቲኦክሲደንቶች አሉ። ለፍሪ ራዲካሉ ኤሌክትሮን ሰጥተው ያበርዱታል፣ ሃይድሮክሲል እንዲፈጠር የሚያግዘውን ብረትም ይይዛሉ። ላብራቶሪ ላይ ይሄ በደንብ ይታያል። ስንጠጣው ግን ማንጊፈሪን በጣም ጥቂቱ ነው ደም ውስጥ የሚገባው፣ ስለዚህ ከላብራቶሪ ቱቦ ውጤት ተነስቶ ካንሰር ላይ መድረስ ዝላይ ነው። አንቲኦክሲደንት በእንክብል መዋጥማ ጭራሽ ሊገለበጥ ይችላል፦ ፊንላንድ ውስጥ 29,133 ወንድ አጫሾች ላይ በተሰራውና ውጤቱ በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት ቤታካሮቲን የሚባለውን አንቲኦክሲደንት የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18% በልጦ ተገኘ። ቁጢ ለጣዕሙ ይጠጣ ባይ ነኝ።

ለሐረር ሰው የሚቀርበው ስጋት ሌላ ነው፣ የባቢሌ አካባቢ ለውዝ። እርጥበት ሳይለቀው የተከማቸ ለውዝ ላይ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል፣ ጉበታችን ሊያስወግደው ሲሞክር ይባስ ወደ አደገኛ ነገር ይቀይረውና እሱ ቀጥታ ጓኒን ላይ ይለጠፋል። ይሄ የፍሪ ራዲካል ጣጣ ስላልሆነ ቁጢ ጠጥቼበታለሁ ብሎ መተማመን አይቻልም። መቁላትም ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ከማሳ እንደወጣ ቶሎ ማድረቅ፣ የሻገተውንና የተጨማደደውን ለቅሞ መጣል ነው የሚያዋጣው።