«ስንት ሜጋፒክሰል ነው?» እያላችሁ አትግዙ

ቴሌስኮፕ እንዳለኝ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ለቴሌስኮፕ የሚገጠም ካሜራ ሊገዛ ሲያስብ ይደውልልኛል። መደወሉ ደስ ይለኛል። ግን ሰላምታው ሳያልቅ ሁሌም አንድ ጥያቄ ይከተላል፦ «ጋሼ፣ ይሄኛው 20 ሜጋፒክሰል ነው፣ ያኛው 2 ብቻ ነው። 20ው አይሻልም?» (አንድ ሜጋፒክሰል ማለት አንድ ሚሊዮን ፒክሰል፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩ ጥቃቅን ነጥቦች ነው።) ይህን ጥያቄ በስልክ መመለስ ሰልችቶኛል። ዛሬ በጽሑፍ ልጨርሰው።

መጀመሪያ ቀለል ያሉትን ላንሳ።

«የሰማይ ካሜራም ያው ካሜራ ነው።» አይደለም። ሌንስ፣ ስክሪን፣ ባትሪ የሚባል ነገር የለውም። በዓይን የምታዩበትን ሌንስ ከቴሌስኮፑ ታወጡና እሱን በቦታው ትሰካላችሁ። ከጀርባው የሚወጣው የዩኤስቢ ገመድ ላፕቶፕ ላይ ይገባል። ላፕቶፕ ከሌላችሁ ካሜራውን ገና አትግዙ።

«ማቀዝቀዣ ከሌለው አይረባም።» ለጨረቃና ለፕላኔት ማቀዝቀዣ ምንም አይጨምርላችሁም። እያንዳንዱ ምስል የሚነሳው በሚሊሰከንዶች ነው። ጥቅሙ የሚታየው ለኔቡላ (በህዋ ላለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ደቂቃዎች የሚፈጅ ምስል ስታነሱ ነው። ለመጀመሪያ ካሜራ ብራችሁን እዚያ ላይ አታፍስሱ።

«ጥቁርና ነጭ ካሜራ ጊዜው አልፎበታል።» እንዲያውም ብርሃን በደንብ የሚሰበስበው እሱ ነው። ግን ቀለም ለማግኘት በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ፊልተር እየለዋወጣችሁ ማንሳት አለባችሁ። ፊልተሮቹም ሌላ ወጪ ናቸው። ጀማሪ ባለቀለሙን ይግዛ።

አሁን ወደ ሜጋፒክሰሉ።

ጥር ላይ አንድ ልጅ ቴሌስኮፑን ተሸክሞ ቤቴ መጣ። እህቱ ከሜሪላንድ ባለ 20 ሜጋፒክሰል ካሜራ ልካለት ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሞክሮ ጁፒተር አልወጣ ብሎታል። «ተበላሽቶ የመጣ ነው መሰለኝ ጋሼ» አለኝ። የኮንዶሚኒየማችን ጣሪያ ላይ ወጣን። ካሜራውን ሰክተን ላፕቶፑን ስንከፍት ስክሪኑ ሙሉ ጥቁር ነው፤ መሃሉ ላይ ምስር የምታክል ነጭ ነገር አለች። ምስሉም በሰከንድ ሁለቴ ብቻ ነው የሚለወጠው። ካሜራው ደህና ነበር።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የፒክሰሉን መጠን በማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ውሰዱ፣ በ206 አባዙት፣ ለቴሌስኮፑ የትኩረት ርቀት (ከሌንሱ ምስሉ እስከሚሠራበት ቦታ ያለው ርቀት) በሚሊሜትር አካፍሉት። የምታገኙት አንድ ፒክሰል ስንት አርክሰከንድ ሰማይ እንደሚሸፍን ነው። አንድ ዲግሪ 3600 አርክሰከንድ አለው። የልጁ ቴሌስኮፕ የአፉ ስፋት 70፣ የትኩረት ርቀቱ 700 ሚሊሜትር ነው። የካሜራው ፒክሰል ደግሞ 2.4 ማይክሮን። ስለዚህ አንዱ ፒክሰል 0.7 አርክሰከንድ ገደማ ይሸፍናል። ጁፒተር ሲቀርበን ስፋቱ ወደ 45 አርክሰከንድ ነው። ሲካፈል 64 ፒክሰል። የካሜራው ምስል 5496 ፒክሰል ስፋት አለው፤ ጁፒተር የያዘው 64ቱን ብቻ ነው። የቀረው ባዶ ሰማይ ነው።

ያንኑ ቴሌስኮፕ የሶኒ አይኤምኤክስ462 ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ቺፕ) ባለው ርካሽ ባለ 2 ሜጋፒክሰል ካሜራ ብናየው፣ ፒክሰሉ 2.9 ማይክሮን ስለሆነ ጁፒተር 53 ፒክሰል ይይዛል። «64 ከ53 ይበልጣላ!» የሚለኝ አይጠፋም። ግን የ70 ሚሊሜትር አፍ ከ1.7 አርክሰከንድ ያነሰ ዝርዝር መለየት አይችልም። ይህ የብርሃን ሕግ ነው፣ ካሜራ አይሽረውም። ፒክሰሉን ብታሳንሱት የደበዘዘውን ነገር ይበልጥ መቆራረስ ነው።

ለፕላኔት የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው። ከሰል ከተቀጣጠለ ምድጃ በላይ አየሩ ሲንቀጠቀጥ አይታችኋል አይደል? የሰማዩም አየር እንደዚያ ነው። ስለዚህ ቪዲዮ እንቀርጻለን። ከዚያ አውቶስታከርት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከሺህዎቹ ምስሎች ጥርት ያሉትን መርጦ ይደራርባቸዋል። ጁፒተር ግን በ10 ሰዓት ውስጥ ራሱን ዞሮ ስለሚጨርስ፣ ቀረጻው ከሁለት ሦስት ደቂቃ ካለፈ ዝርዝሩ ይጠፋል። በሰከንድ 2 ምስል ሁለት ደቂቃ ብትቀርጹ 240 ነው። በሰከንድ 80 ከሆነ 9600።

ወደ ልጁ ካሜራ ልመለስ። ሻርፕካፕ የሚባለው ካሜራውን ከላፕቶፕ የሚያዝ ፕሮግራም ላይ ገብቼ ካሜራው የሚያነበውን ክፍል ወደ 640 በ480 ቀነስኩት። ከ20 ሚሊዮኑ ፒክሰል 300 ሺህ ያህሉን ብቻ አስቀረሁ ማለት ነው። ፍጥነቱ ወዲያው ከ80 አለፈ። ሁለት ደቂቃ ቀረጽን። ሲደራረብ ሁለቱ ቡናማ ቀበቶዎች ቁልጭ ብለው ወጡ። ልጁ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለእህቱ ደወለ። እሷ ጋ ገና ከሰዓት በኋላ ነበር።

ጨረቃ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። በ700 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ የጨረቃ ምስል 6.4 ሚሊሜትር ይሰፋል። የአይኤምኤክስ462 ስፋት 5.6 ነው፣ አይበቃትም። ከፋፍላችሁ አንስታችሁ ትገጣጥማላችሁ ወይም ትልቅ ሴንሰር ትገዛላችሁ። ትልቅ ሴንሰር ስል ግን ብዙ ሜጋፒክሰል ማለቴ አይደለም። አይኤምኤክስ533 የሚባለው ሴንሰር 9 ሜጋፒክሰል ብቻ ሆኖ፣ ቁመቱ በወርዱ ሲባዛ በሚገኘው ስፋት ከባለ 20ው አይኤምኤክስ183 ይበልጣል።

«ካሜራው ውድ ከሆነ ኔቡላም ይወጣል» የሚሉም አሉ። ሰማዩ በሰከንድ እስከ 15 አርክሰከንድ ይሄዳል። በልጁ ቴሌስኮፕና ካሜራ ይህ 20 ፒክሰል ያህል ነው። ሞተር ያለው መቆሚያ ከሌላችሁ ኮከቡ ክር ሆኖ ይወጣል። ሞተሩ ቢኖርም በሰሜን ኮከብ ማስተካከል አለ። አዲስ አበባ ላይ ይህ ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ከሆናችሁ እንጦጦ ሊጋርደው ይችላል። ኔቡላ ካማራችሁ ያገለገለ የካኖን ፎቶ ካሜራ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ትራይፖድ ላይ አቁሙ። ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ላይ አነጣጥሩና አራት አራት ሰከንድ መቶ ጊዜ አንሱ። ከዚያ ዲፕስካይስታከር በሚባለው ፕሮግራም ደራርቡት። ካኖኑ ውስጥ ያለው የፋብሪካ ፊልተር የሃይድሮጂንን ቀይ ብርሃን አብዛኛውን ይከለክላል፤ ኔቡላው ግን ይወጣላችኋል።

ከውጭ ለሚልክላችሁ ዘመድ ስትጽፉ ሜጋፒክሰሉን ተዉት። የሴንሰሩን ስም፣ የፒክሰሉን መጠን፣ ዩኤስቢ 3 መሆኑን፣ ቴሌስኮፑ ውስጥ የሚገባው አንገቱ 1.25 ኢንች መሆኑን ጻፉለት። ለፕላኔት ከ100 እስከ 200 ዶላር ያለው ይበቃችኋል። ከተረፋችሁ ለመቆሚያው አስቀምጡት።