የዘመዳሞች እርባታ ምንድን ነው? ከአንድ የጋፒ ገንዳ የሚታይ

ጋፒ የሚባሉ ጥቂት ትንንሽ የጌጥ ዓሦች ተገዝተው ቤት ውስጥ ወዳለ የመስታወት ገንዳ ገቡ እንበል። ጋፒ እንቁላል አትጥልም፤ የሚዋኙ ጫጩቶችን ትወልዳለች፤ ያውም በየአራት ሳምንቱ ገደማ። ጫጩቶቹ በሁለት ወይም በሦስት ወር ውስጥ ራሳቸው ለመራባት ይደርሳሉ። ዓመት ሳይሞላ ገንዳው ጢም ይላል፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ያ ሁሉ ዓሣ የጥቂት ወላጆች ልጅና የልጅ ልጅ ነው። እህት ከወንድሟ፣ ልጅ ከአባቷ ይራባሉ። የዘመዳሞች እርባታ የሚባለው ይህ ነው።

በአገራችን ሰው ከመጋባቱ በፊት እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል። ለሰው ሰባት ትውልድ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ነው። ጋፒ ግን በሁለት ዓመት አካባቢ ትጨርሰዋለች፤ አርቢው ካልቆጠረላት ደግሞ የሚቆጥርላት የለም።

ጉዳቱ ከየት ይመጣል? እያንዳንዱ ዘረመል ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ ሆኖ በጥንድ ይወረሳል። አንዱ ቢበላሽ ጤነኛው ብዙ ጊዜ ይሸፍነዋል፤ ችግሩም ተደብቆ ይኖራል። ወላጆቹ እህትና ወንድም ሲሆኑ ግን ልጁ ያንኑ የአንድ አያት የዘረመል ቅጂ በሁለቱም በኩል የመውረስ ዕድሉ 25 በመቶ ነው። እህትና ወንድምን ማራባቱ ከቀጠለ በቀጣዩ ትውልድ 37.5፣ ከዚያም 50 በመቶ ይደርሳል። ያን ጊዜ የተደበቀው ይወጣል። በአንድ ወሊድ የሚገኙት ጫጩቶች ያንሳሉ፤ ወንዶቹ ሴት ፊት ክንፋቸውን ዘርግተው መሽኮርመማቸው ይደክማል። ምግብ ሲበተን ሁሉም ወደ ላይ ሲሮጥ፣ ጀርባዋ የጎበጠ አንዲት ጫጩት ጭራዋን ወደ ታች ጥላ ስትታገል ማየት ልብ ይነካል። (የጎበጠ ሁሉ የዘር ችግር አለበት ማለት አይደለም፤ የዓሣ ሳንባ ነቀርሳ የሚባለው በሽታም ጀርባ ያጎብጣል።)

እኔ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው፤ የዓሣውን ብዛት ሳይሆን አባቶቹን ቁጠሩ። የወንዶቹን ቁጥር በሴቶቹ ቁጥር፣ ውጤቱን ደግሞ በ4 አባዙት፤ ከዚያም ለወንዶቹና ለሴቶቹ ድምር አካፍሉት፤ የሚገኘው ቁጥር ዓሦቹ ዘርን ከመጠበቅ አንጻር ስንት እንደሚያህሉ ይነግራል። አንድ ወንድና 10 ሴቶች 3.6 ብቻ ይሰጣሉ፤ ዘርን ከመጠበቅ አንጻር 11ዱ ዓሦች አራት እንኳን አይሞሉም። አምስት ወንድና አምስት ሴት ግን፣ ሁሉም እኩል ከተራቡ፣ ሙሉ 10 ናቸው።

ዘመዳሞችን ማራባት ሁልጊዜ ጥፋት ነው አልልም። የምናደንቃቸው ባለ ረጅም ጭራና ባለ ደማቅ ቀለም ጋፒዎች የተገኙት በዚሁ መንገድ ነው። ልምድ ያለው አርቢ ግን አንዱን ዝርያ በሦስት ገንዳ ከፍሎ ይይዛል፤ በየትውልዱም ወንዶቹን ከአንዱ ገንዳ ወደ ቀጣዩ ያዛውራል፤ ደካሞቹን ለእርባታ አያስቀርም። ከውጭ አዲስ ዓሣ ሲያመጣም በሽታ ይዞ እንዳይሆን ለጥቂት ሳምንታት ለብቻው ያቆየዋል።

አዲስ ወንድ ማስገባት ብቻውን ግን አይበቃም። ሴቷ ጋፒ የወንድ ዘር በሆዷ ለወራት ታኖራለች፤ ስለዚህ የቀድሞው ወንድ ከገንዳው ከወጣም በኋላ ልጆቹ መወለዳቸውን ይቀጥላሉ። ለአዲሱ ወንድ የሚታጩት፣ የወንድ ጫጩቶቹ የሆድ ሥር ክንፍ እንደ ዘንግ መሾል ሳይጀምር ተለይተው ለብቻቸው ያደጉ ሴቶች ናቸው።