«ሥራ አጥነት ቀነሰ» ሲባል ማን ነው የተቆጠረው?

አሜሪካ ውስጥ ሥራ የሌለው ሁሉ ሥራ አጥ አይባልም። በመንግሥት አቆጣጠር ሥራ አጥ ለመባል ባለፉት 4 ሳምንታት ሥራ መፈለግ፣ ሥራው ከተገኘ ለመጀመር ዝግጁ መሆን ያስፈልጋል (ለጊዜው ተሰናብቶ ተመልሶ መጠራትን የሚጠብቅ ሰው ባይፈልግም ይቆጠራል)። ተስፋ ቆርጦ ማመልከት የተወ ከስሌቱ ይወጣል። ስለዚህ ማንም ሳይቀጠር ፐርሰንቱ ሊወርድ ይችላል! በሳምንቱ 1 ሰዓት ብቻ ተከፍሎት የሠራ ደግሞ «ሥራ አለው» ነው። ያስቃል፣ ግን ደንቡ ይኸው ነው። የሥራ አጥ ድጎማ መቀበልና አለመቀበል እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

የባሰ የሚያምታታው የአካባቢ ቁጥር ነው። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖረች ዋሽንግተን ዲሲ ባለ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ ሴት እንውሰድ። የሥራ አጥነት መጠን የሚሰላው በመኖሪያ ስለሆነ የምትቆጠረው ለሜሪላንድ ነው፤ ከአሠሪዎች የደሞዝ መዝገብ የሚሰበሰበው የሥራ ብዛት ግን ሥራው ባለበት ቦታ ስለሚያዝ የእሷ ሥራ ለዲሲ ይጻፋል። ሁለት ቦታ ከሠራች በዚህኛው ሁለቴ ትቆጠራለች። በግሉ ኡበር የሚነዳው ባሏ በአሠሪዎቹ ቆጠራ ጭራሽ የለም፣ ሥራ አጥነት በሚለካበት፣ ቤተሰቦችን በሚጠይቀው ጥናት ግን ሥራ ያለው ነው።

ለዚህ ነው ዲሲ ውስጥ ሥራ እየበዛ የነዋሪዎቹ ሥራ አጥነት ሊጨምር የሚችለው። ሁለቱን ቁጥሮች አብራችሁ እዩ፣ ስንት ሰው በሥራ ገበያው ውስጥ እንዳለም ተመልከቱ። የከተማ ቁጥር ለወቅት ካልተስተካከለ (በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት የሚደጋገመው መጨመርና መቀነስ ካልወጣለት) ደግሞ ካለፈው ወር ጋር ሳይሆን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ነው የሚወዳደረው።